አየነው

ባሕር ዳር፣ ከግቢው ጓሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ክፍል፣
አርባ ስድስት ቆሮሶ በመስታወት ገንዳ ሲንሳፈፍ ይውላል፤
እኔ ነኝ መጋቢው፤ ጧት ማታ ውሃ ለዋጭ፣
ደመወዜ ትንሽ፣ ስሜም ከጥናቱ ውጭ።

ዶክተር ትርንጎ ግን፣ በወረንጦ ጫፍ ላይ፣
ከዓይን ጀርባ ያለች፣ ነጭ ክር መሳይ
ነርቭ ቆንጥጣ ይዛ አስር ትቆጥራለች።
ዓሣው ተኝቷል፤ ማደንዘዣ ሰጥታለች፤
ስምንት ላይ ስትደርስ ድምጿን ትውጣለች።

ሰፈሩ ያማናል፦ «ዓሣ ያሳውራሉ፣
አሳውረው ሲያበቁ መልሰው ያበራሉ።»
ውሸትም አይደለ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ
ፍርፋሪ ስጥል በታወረው ጎኑ፣
ዞሮ ይቀልበዋል ቆሮሶው አይቶ።
ማን መንገድ መራው ያን የተቆረጠ ክር?
በየት በኩል ዞሮ ገባ ከአንጎል ሰፈር?

አይጥ ግን አልሆነላት። ያው ወረንጦ፣ ያው እጅ፤
ክሩ ከጠባሳው ዳር ይደርሳል እንጂ
አይሻገርም ከቶ፤
በነሐሴ፣ ዓባይ ደፍርሶ ሞልቶ
ታንኳ እንዳጣ ሰው፣
ቆሞ ቆሞ ቆሞ እዚያው ነው የሚደርቀው።

ትርንጎ ወንድም አላት፣ ሞጣ፣ ግንበኛ የነበረ፤
ከእንጨት መወጣጫ ወድቆ ግንባሩ ተሰበረ።
ዓይኑ ደህና ነው፤ ብሌኑ ያምራል፤
መስኮት ተከፍቶ ሳለ ቤቱ ጨልሟል።
አባቷ ናቸው ስሙን «አየነው» ያሉት፣
ከአምስት ሴት በኋላ ወንድ ልጅ ቢያገኙት።
ማታ ይደውላል፦ «እታለም፣ መብራት መጣ?»
የከተማውን ነው የጠየቀው፤ እሷ ግን ቃል ስታጣ
ስልኩን ወደኔ ትዘረጋለች፤
እኔ ነኝ የምመልስ፦ «ገና ነው፣ አልመጣ።»

ሐምሌ፣ አንድ ሌሊት፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨርሶ፣
በረዶ ተሸክሜ ከዓሣ ገበያ፣ ልብሴ በስብሶ፣
ናሙናው እንዳይሞቅ ተራ ገብተን አነጋን።
ሲነጋ መብራት መጣ።
ማጉያው ላይ ተጎንብሳ ቀረች፤ ሻይዋ በረደ።
አይጥ ሃያ ሰባት፣ የግራ ዓይን፦
ከጠባሳው ማዶ አንድ አረንጓዴ ክር ወረደ።

«አየነው?» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።
ወንድሟን ጠርታ ይሁን ወይ እኔን ጠይቃ፣ ዛሬም አላውቀውም፤
ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። «አየነው» አልኩኝ፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

አንድ ክር ዓይን አይሆን። ከዚያ እስከ አንጎል ድረስ
ለዚያች አይጥ እንኳ ሩቅ ነው፤ ለሰውማ ማን ይድረስ።
መዝገቧ ላይ ጻፈች፦ «አንድ። ይደገም።»
ማታ ሲደውል ስለ ክሩ አልነገረችውም።
«መብራት መጣ?» ሲላት
«ብልጭ አለ» አለችው፤
ስልኩን ግን ለእኔ አልሰጠችኝም።