ሰም

በፓዶቫ ክረምት፣ ውርጭ ባለበት ሌሊት፣
ኦርሶሊና ገባች ከነሻማ ቅርጫት።
ሰው ከፍተው ለሚያዩ፣ ለእነዚያ ሊቃውንት፣
ሁለት መቶ ሻማ ነበር የታዘዘላት።

አዳራሹ ጠባብ፣ እንደ እንቁላል ሞላላ፣
እርከኑ ስድስት ነው፣ ተማሪ የሞላ።
ከታች ከጣውላው ላይ፣ የብሬንታ ቀዛፊ፣
ትናንት የተሰቀለ፣ የቀረጥ ጨው ዘራፊ።
ጣቶቹ ቆልመም ብለው፣ መቅዘፊያ እንደያዘ፣
የቀኝ እጁ ብቻ ሥራ እንደታዘዘ።

ማርካንቶ ሐኪሙ ልቡን አወጣና፣
አሳየ በሻማ፣ ወደ ላይ ያዘና፦
«አራት ጓዳ አለው፣ ፈትሼ ጨረስሁት፣
ከደም ሌላ ተከራይ አንድም አላገኘሁት።
ነፍስ ማለት ነበልባል፣ ሥጋ ማለት ሰም ነው፤
ሰሙ አልቆ ሲጠፋ፣ ‹ወዴት ሄደ?› ባይ ማነው?»

ፍራ ቴባልዶ ተነሣ፣ ጉንፋን እያነቀው፣
ሚስማር ቀበቶውን ነክሶ እያስጨነቀው፦
«አንተ ቤት ፈትሸህ ባለቤት ብታጣ፣
የለም ማለት ነው ወይ? ወይስ ወደ ደጅ ወጣ?
ብርሃን ሰም አይደለም፣ ቢነድም በሰም ላይ፤
ምንጩ ከወዲያ ነው፣ ከማናየው ሰማይ።»

አንዱ ተማሪ ሳቀ፣ አንዱ በጫማው መታ፣
ብርቱካን ላጠ አንዱ፣ ግማቱን ሊረታ።

ኦርሶሊና ከታች፣ ቀልጦ የፈሰሰውን
በቢላ ትፍቃለች፣ ከጣውላ የቀረውን።
ሰም ሁለቴ ይሸጣል፤ ይህ ነው የሷ ትምህርት፣
የወደቀው ተለቅሞ ይመለሳል ድስት።
ሲወጣ ግን ሌላ፣ ቁመቱም ሌላ ነው፤
የትናንቱን ሻማ ማንስ መልሶ አገኘው?

እሷም የጠፋባት አንዲት ሻማ አለቻት፣
ዛኔታ፣ የዘጠኝ ዓመት፣ በወረርሽኝ ያጣቻት።
ልጅቷ የምትወደው አንድ ጨዋታ ነበር፤
ሻማ እፍ ብሎ አጥፍቶ ከጢሱ መማከር።
ጢሱ ቆሞ ሳለ፣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ፣
ሌላ እሳት ሲጠጋው፣ ክሩን ተከትሎ፣
ነበልባሉ ይወርዳል፣ ይዘላል በአየር፣
ሳይነካው ይበራል የጠፋው የጧፍ ክር።
«አየሽው ወይ እማ?» ትላለች፣ «አልሄደም፤
እየሄደ ነበር። ጠሩት። እምቢ አላለም።»

በዚያች ሌሊት ደግሞ፣ ትንፋሿ ሲያበቃ፣
ጧፍ ይዛ ጠበቀች፣ ከአፏ ጋት አርቃ።
ጢስ አልነበረም። ብርድ ብቻ ነበር።
ሰሙ እጇ ላይ ወርዶ፣ እዚያው ደርቆ ሲያድር፣
አላራገፈችም፤ ጠባሳው ግን አለ፣
ካውራ ጣቷ በታች፣ ምስር እያከለ።

ሊቃውንቱ ከላይ ገና ይከራከራሉ፣
ስለ ነፍስ፣ ስለ ሰም፣ «ምሳሌ ነው» እያሉ።
እሷ ግን ሰም ስትል ያው ሰም ማለቷ ነው፤
ወርቁን ሊቅ ይፍታው እንጂ፣ የፈጃት ሰሙ ነው።

ሲመሽ ሁሉም ወጣ፤ ቀረ ሽታው፣ ብርዱ፤
ጧፎቹን አጠፋች፣ ገና እየነደዱ።
የመጨረሻዋን፣ ካስከሬኑ ጎን ያለችውን፣
እፍ አለች፤ አየች ጢሱን፣ ክር የመሰለውን።
ፋኖሷን አነሣች፣ ልታስጠጋ ብላ፤
ቆመች። ጢሱ ሳሳ፣ ዘመመ ወደ ኋላ።
ቁራጯን ጧፍ ወስዳ፣ ለብ እንዳለች ገና፣
መቅዘፊያ ያጣውን እጅ አስጨበጠችና
በሩን ዘግታ ወጣች።

መጋቢው በማግሥቱ ቁርጥራጩን ቆጥሮ፣
መቶ ዘጠና ዘጠኝ፤ ፊቱን አኮሳትሮ፣
«አንዷስ ወዴት ሄደች?» አለ።

«ነድዳ አለቀች» አለችው።