እርሳስ

ሰናፍጩ ታጭዶ፣ ማሳው ባዶ ሲቀር፣
መጣ አንድ ደላላ፤ ከቀርከሃው ሥር
ቁጭ ብሎ ቆጠረ፣ ታካውን አንድ ባንድ፤
«ሦስት ወር ነው እቴ፤ ትንሽ እሳት ቢነድ
መሬት ምን ይጎዳል? ሌሊት ነው ሥራችን፤
ጎህ ሳይቀድ እንሄዳለን፣ ይዘን ጭሳችንን።»

የሞርጂና ባል ዳካ ነው፣ ጡብ ይሸከማል፤
አንዳንዴ ይደውላል፣ አንዳንዴ ይረሳል።
ልጇ ሾጂብ ደሞ ሞላው ዘጠኝ ዓመቱ፤
ደብተሩ፣ እርሳሱ፣ ጫማው፣ ሁሉም ካንድ እናቱ።
አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ፣ ወረቀቱ ላይ ዘርግታ
ፈረመች፤ «ቢስሚላህ» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና ላንድ አፍታ።

መኪናው ሲገለበጥ የሞተ ባትሪ ነው፤
የስንቱ ባጃጅ ልብ፣ ካገር ተለቃቅሞ።
በመጥረቢያ ፈለጡት። አሲዱን ቦይ ጠጣ።
ወናፉ ሲያጓራ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤
ጭሱም ቀርከሃው ቅጠል ላይ፣
የኩሬው ፊት ላይ፣ የሾጂብ ትራስ ላይ
ጣፍጦ ተኛ።

ቀድማ ያወቀች ቀይዋ ላም ናት።
በቦዩ ዳር ግጣ በሦስተኛው ቀን
ዞረች፤ ግድግዳውን በግንባሯ ገፋች፤
ጥርሷን አፋጭታ፣ ጽንሷን እንደያዘች ወደቀች።
የከብት ሐኪሙ ምላሷን ሳብ አድርጎ
ወደ ማሳው አየ። «ሥጋዋን እንዳትነኩ» አለ፣ ሌላ አላለም።
ቀበሯት። ሌሊት ሰው ቆፍሮ ወሰዳት።

ሰዎቹ ሦስት ወሩን እንኳ አልጨረሱም፤
ወንዝ ተሻገሩ፤ እዚያም ማሳ አለ፣
እዚያም ልጅ የምታስተምር እናት አለች።
ጭሳቸውን ግን ረስተውት ሄዱ።

መምህርት ዲልሩባ፦ «ሾጂብ፣ ስድስት ጊዜ ሰባት?»
አምና እንደ ውሃ ይጠጣው የነበረውን።
ዛሬ ሆዱን ይዞ በመስኮት ያያል፤
አዲሱን እርሳስ፣ ባለ ቀይ ላጲሱን፣ ያኝካል።

ማሳዋን አከራይታ የገዛችለት እርሳስ፤
ከማሳው ተነሥቶ ደሙ ውስጥ የገባው እርሳስ፤
እኔ በምጽፍበት ቋንቋ ሁለቱም አንድ ስም አላቸው፤
ስሙንም ቀስ ብሎ ላነበበው
አንድ ልጅ ላይ የወረደ ትእዛዝ አለበት፦
እርሳ።
ዝም ካለም ቆጣ ብሎ፦
እርሳስ!

የክሊኒኩ ወረቀት መቀነቷ ውስጥ ታጥፎ ሰነበተ፤
ማንበብ አትችልም፤ ጎረቤት መጠየቅ ፈራች፣
መሬቱ የማን እንደነበር ጎረቤት ያውቃልና።
አንድ ማታ ለራሱ ለልጁ ዘረጋችለት፤
«ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ።»
ሾጂብ በጣቱ እየተከተለ፣ ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፦
«አርባ ሁለት።»
«ከመቶ ነው? ወድቀሃል ማለት ነው?»
አልመለሰላትም። ፊቱ ግን ድንገት በራ፦
«አርባ ሁለት! እማ፣ አርባ ሁለት ነው!
ነገ ለመምህርቷ እነግራታለሁ።»