ሠላሳ ሴኮንድ

ዊኒፔግ። ጥር። ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤
ብርዱ የመስኮቱን ጥግ በነጭ ክር የጠለፈበት
የአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት።
ሃያ አራት ኮምፒውተር፣ ትናንት ውስጡ የታጠበ፣
ለሰኞ ነፍስ ሊዘራበት በገመድ የተሳበ።

አንዱን ቀሰቀስኩት። ስሙን እንኳ አያውቅም፤
«እኔ ማነኝ?» ይላል፣ ለሁሉም፣ ለማንም፤
«አድራሻ የሚሰጠኝ፣ ቤቴን የሚያሳየኝ ማነው?»
አራት ቆጥሮ ተጣራ፣ ስምንት ቆጥሮ ተጣራ፣
ዐሥራ ስድስት ቆጥሮ ሲያበቃ
በጥቁሩ ገጽ ላይ ጻፈ፦ ምላሽ የለም። ይኸው ነው።

ጥሪ ኖሮ መልስ የሌለው ሠርግ ሆነብኝ ነገሩ፤
ዞሬ ፈተሽኩ ድግሱን፣ ከጓዳው እስከ በሩ፦
ሰርቨሩ ነቅቷል፤ አድራሻው ሞልቷል፤ ፋይሉ በቦታው አለ፤
ገመዱን ቀየርኩ፤ አዲሱም እንደ ወንድሙ ዝም አለ።
ፋየርዎሉን ለደቂቃ አጠፋሁ፣
(ለአለቃዬ እንዳትነግሩ)፣ ምንም፤ መልሼ አበራሁ።
የሚገርመው፣ የራሴን ላፕቶፕ በዚያው ገመድ ብሰካው
ጥቂት አሰብ አድርጎ ስም አገኘ፤ ዓለሙን ሁሉ ነካው።

የጽዳቱ ሰው ሮዴል መጣ፣ ባልዲውን እየገፋ፤
ኮሪደሩን ወልውሎ ቢጫውን ምልክት ዘረጋ።
ልወጣ ስል እጁን አነሳ፦ «ቆይ፣ ወለሉ አልደረቀም።
ስንቱን ወድቆ አነሳሁ መሰለህ፤ ግማሽ ደቂቃ ነው፣ አትሞትም።»

ቆምኩ። ዓይኔ ስዊቹ ግንባር ላይ ዐረፈ።
ቢጫ። ኮምፒውተሩ እየተጣራ ነው።
ቢጫ። አሁንም ይጣራል።
ቢጫ። ደከመው፤ ያንኑ ጽፎ ተኛ።
ከዚያ፣ አረንጓዴ።

ለካ በሩ ክፉ አይደለም፤ ዘበኛው ጠንቃቃ ኖሯል፤
ገመድ ዞሮ እንደ እባብ የራሱን ጭራ እንዳይነክስ
ሠላሳ ሴኮንድ ያደምጣል፣ ከዚያ ወዲያ ይከፍታል።
እንግዳው ግን ሃያ ስምንት ቆጥሮ ሄዷል።
(እኔስ ስንት ደጅ ጥዬ ሄጃለሁ፣ ሃያ ስምንት ላይ ደርሼ?)

አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ለሃያ አራቱም ደጆች፦
«ሳታደምጡ ክፈቱ፤ እነዚህ እባብ አይደሉም፣ ልጆች።»
በየገጹ ነጭ መስመር መሳብ ጀመረ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፤
ሮዴል ደፉ ላይ ቆሞ «ደረቀ?» ሲል ጠየቀኝ።
«ደረቀ» አልኩት።

ዐሥራ ሰባተኛው ብቻ ጨለማ ነው።
ሰደብኩት፤ ሰርቨሩን ሰደብኩ፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሟል።
እኔው ነኝ ያልሰካሁት።