በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረ

የማክሰኞ ምሽት፣ የካልደር አዳራሽ፣
ጣሪያው ያፈሳል፣ ባልዲው ነው ደራሽ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ማን ምን እንደተናገረ
ቃለ ጉባኤው ይዟል፤ ቀሪው ግን እዚህ ሰፈረ።

አጀንዳው አንድ ብቻ፦ ቧንቧውን፣ ማጣሪያውን፣ ፍሳሹን፣ ጠቅልሎ እንዳለ
ከኩባንያው እጅ ከተማው ይግዛው ወይ? ወይስ ይቅር? ተባለ።
ዋጋው ሠላሳ አራት ሚሊዮን ዶላር፤ ብድሩ ሠላሳ ዓመት፤
ዛሬ የሚድኸው ሕፃን ይጨርሰዋል፣ ሲያወጣ የመጀመሪያ ሽበት።

የኩባንያው ጠበቃ፣ ከሩቅ ከተማ በርሮ የመጣ፣
የታሸገ ውሃ ይዞ ነበር፤ ከእኛ ቧንቧ አልጠጣ።
«ልምድ የለም እናንተ ጋ» አለ፤ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋ፤
እያሳሳቀ ነው ውሃ ሲወስድ፤ ባልዲው ሞልቶ ተደፋ።

ወይዘሮ ኢሞጂን ፕራት ደረሰኞቿን ዘረጋች፤
«ስድስት ዓመት፣ አራት ጭማሪ» ብላ በጣቷ ቆጠረች።
«ገላዬን በሳምንት ሁለቴ፤ የልብስ አጠባው ቀርቶ፤
ገንዘቤ ግን ይፈሳል፣ ወደማላውቀው ቤት ገብቶ።
ባለ አክሲዮን የሚሉት ሰው አንድ ቀን በሬን አላንኳኳ፤
በወር በወሩ ግን ይጠጣል፣ ከኩባያዬ ላይ ለካ!»

ባለ ጋራዡ ሎይድ ቫንደርቬን ከግድግዳው ሳይላቀቅ፦
«ይኼ ማዘጋጃ ቤት» አለ፣ «ጣሪያ መድፈን የማያውቅ፣
ባልዲ እየገዛ የሚኖር፣
ከመሬት በታች ያለ ቧንቧ ሊጠግን ነው ወይ በብድር?»
ሳቅን። ግን እውነት ስለሆነ ሳቁ ከጉሮሮ አልወጣ፤
ባልዲው ጠብ፣ ጠብ እያለ ስምንተኛ ድምፅ ሆኖ መጣ።

ሦስት ለሦስት ሆኑ። የቀረችው ቴልማ ህሩስካ፣
የጥርስ ሐኪም ናት፤ ቀዳዳውን ሳታይ ዋጋ የማትለካ።
«ከመሬት በታች ያለውን ያየ አለ?» ብላ ጠየቀች።
ወንበር ሲንቋቋ ሰማች።
ኦርቪል ስታንኮ ተነሣ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ቆፋሪ፣
ሸሚዙ የኩባንያው፤ ጫማው ላይ የእኛ ጭቃ ቀሪ።

«ካርታው እዚህ ነው» አለ፣ ግንባሩን በጣቱ ነክቶ፤
«የቢሮው ካርታ ይዋሻል፣ ወንዙን በግራ አስገብቶ።
ከሜፕል ጎዳና በታች ያለው ቧንቧ ብረት አይደለም፣
እንጨት ነው፣ በሽቦ የታሰረ፤ ሲቀበር አባቴ አልተወለደም።
እስካሁን ይዟል፤ ለምን እንደያዘ ግን አላውቅም።
ውሃውንማ አትገዙም፤ እሱ የዝናብ ነው፣ የደመና፤
የምትገዙት ቀዳዳውን ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ ብዙ ነውና።»

«ቀዳዳው የእኛ ከሆነ» አለች ቴልማ ቀስ ብላ፣
«ማንን ልንረግም ነው ታዲያ? ማን አለን ከእኛ ሌላ?»

ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። በየወሩ ከምንከፍለው
ለካ ጥቂቱ የእርግማን ኪራይ ነው።

እጇን አወጣች፦ አራት ለሦስት፤ ውሳኔው «ይገዛ»፤
ጭብጨባው ግን አጭር፣ እንደ ቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ።
ኦርቪልን «አንተስ?» ያለው የለም፤ ድምፅም አይሰጥ እሱ፤
ከወሰኑ ማዶ ነው ቤቱ፤ የጉድጓድ ውሃ አለው የራሱ።
በደብተሬ የጻፍኩት፦ «ከውይይት በኋላ ጸደቀ»፤
የኦርቪል እንጨት፣ የቴልማ ጥያቄ፣ ከመስመሩ ውጪ ወደቀ።

ከሦስት ሌሊት በኋላ ሜፕል ላይ አስፋልቱ ፈነዳ፤
ውሃው በየደጁ ገባ፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።
ኦርቪል እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ፤ ሸሚዙ ያው የኩባንያ፤
«ውሉ አልተፈረመም ገና» አልኩት፤ «የማን ሠራተኛ ነህ ታዲያ?»
ቀና ሳይል አንድ የጠቆረ የእንጨት ስንጥር በእጄ አኖረ፤
«ውሃው አልጠየቀኝም» አለና መልሶ ቆፈረ።