ከሞቱ በታች ካርቶን

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ፦ ካርቶን እደረድራለሁ።
ባዶ ካርቶን፣ አፉ የታሸገ፣ አየር ብቻ የታቀፈ፣
በላዩ ፍራሽ፣ በፍራሹ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ።
ከቡዳፔስት ወጣ ብሎ፣ ድሮ ብረት ይቀልጥበት በነበረ አዳራሽ፣
ክፉ ሰው ሲሞት የሚያርፈው እኔ በደረደርኩት ላይ ነው።

ጀግናው አይገድልም፣ እጁ ንጹሕ ነው፤
ክፉው ግን ይሞታል፤ ታዲያ ማን ገደለው?
ድልድዩ ገደለው፣ ገደሉ፣ ከፍታው፣
የገዛ ፈንጂው፣ የገዛ ቁጣው።
ጀግናው ክንዱን ዘርግቶ «እጄን ያዝ!» ይላል ከላይ፤
ይህን ያለ ሰው እንግዲህ ተወቃሽ ነው ወይ?
ጣት ከጣት ያመልጣል፣ ካሜራው ፊቱን ያዞራል፤
ተመልካች ፈንዲሻውን ጨርሶ በሰላም ቤቱ ይገባል።

ሌላም አለ፣ ንስሐ የተጻፈለት።
ስምንት ከተማ አንድዶ
በመጨረሻዋ አራት ደቂቃ ልቡ ይመለሳል፤
ለጀግናው የተወረወረውን ጨረር በደረቱ ይቀበላል፤
አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈቀድለታል፣
ደም በከንፈሩ፣ ቫዮሊን ከኋላው፣
ከዚያ ይሞታል።
«የሞተ ተጎዳ» ይባላል፤ እዚህ ግን የሞተ ተገላገለ።

ጸሐፊዋን ጠየቅኳት አንድ ቀን፣ የሾርባ ሰልፍ ላይ።
ሮዛሙንድ ትባላለች፤ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ትረሳዋለች።
«ከታረመ አይቀር ለምን አይተርፍም?»
«ተርፎስ?» አለችኝ። «ማክሰኞ ጠዋት ምን ሊሠራ?
አውቶቡስ ላይ ማን አጠገቡ ይቀመጣል?
ያነደደው ከተማ ሲሚንቶ ይፈልጋል፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ወረፋ።
ሞት ርካሽ ነው። የአንድ ቀን ቀረጻ።»
ሾርባዋን ተቀብላ ሄደች፤ እርሳሷ እንደተሰካ።

የሚወድቀው ቦልዲዛር ነው።
የክፉዎች ሁሉ ገላ እሱ ነው፣
ሃምሳ ሁለት ዓመቱ፤ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል።
በዚህ ወር ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ሲሞት አይቼዋለሁ፣
ሁለቴ ተጸጽቶ፣ ሰባቴ እየተሳደበ።
ሁልጊዜ ካርቶኑን ገፍቶ ይወጣል፣
ጭምብሉን ያወልቃል፣
ሲጋራ ይለምነኛል።

እሑድ እሑድ ግን ቫትስ ነው።
አንዴ መኪናው ተበላሽቶበት እኔ ነበርኩ ያደረስኩት።
ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ጠጥቶ ሲነዳ
ቪልሞሽ የሚባል ሰዓት ሠሪ፣ ብስክሌቱን እየገፋ መንገድ ሲሻገር፣
ግራ እግሩን ወሰደበት።
ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት አለው፤ ታሰረ፤ ጨረሰ።
ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ለዚያ ቤት እንጨት ይፈልጣል።
ቪልሞሽ በመስኮት ያያል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃል አልወጣውም፣
አትምጣም፣ ግባም።

እኔ ባየሁበት ቀን በረዶ ነበር።
መጥረቢያው ይወርዳል፣ ግንዱ ይሰነጠቃል፣
ቫዮሊን የለም፣ የጎረቤት ውሻ ብቻ።
ሊጨርስ ሲል በሩ በትንሹ ተከፈተ፤
አንድ እጅ ወጣ፣
የሱፍ ጓንት ደረጃው ላይ አኖረ፣
አሮጌ፣ አውራ ጣቱ የተጣፈ።
በሩ ተዘጋ።

ይቅርታ ይሁን፣ ለብርዱ ይሁን፣
ወይስ እንጨቱ በደም እንዳይነካ፣
እኔ አላወቅሁም።
ቦልዲዛር ቆሞ አየው፤ እጁ ላይ አላጠለቀውም፤
በረዶውን አራግፎ ደረት ኪሱ ከተተው።
እስከ ቡዳፔስት ዝም አልን። ዳኑብ በስተግራችን ዝም አለ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ቆመ፣
ጥቁር ካባ፣ የጎማ ቀንድ፤
ከካባው ሥር ደረቱ ጋ የሆነ ነገር አብጦ ነበር።
ወደቀ።
ካርቶኖቼ አንድ በአንድ ተሰበሩ፣ አንድ በአንድ ተነፈሱ።
ከፍርስራሹ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ዳይሬክተሩ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ራሱን ነቀነቀ፦
«አልሞተም» አለ። «እንደገና።»

አዲስ ካርቶን ላመጣ ሄድኩ።