የሂርማታው ወንበር

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጥግ ሥር፣
ስንጥቅ መስታወት አለኝ፣ አንዲት አሮጌ ወንበር፤
የስንቱን ጉሮሮ በአደራ ይዤባት
ሃያ ዓመት በምላጭ እንጀራ በላሁባት።

ዛሬ አዌቱ ሞልቶ፣ ገበያው ተበትኖ፣
ነስረዲን መጣልኝ በካፖርት ተሸፍኖ።
አረፋ ስቀባው፣ የተማረ ልጅ ነው፣
ዝም ብሎ መላጨት መቼ ይሆንለታል፣
የባሕሩን ወሬ ያወጋኝ ጀመረ፤
ባሕር ግን አላየም፣ ከመጽሐፍ ነበረ።

«ጣት የምታህል ዓሣ፣ ሰማያዊ መስመር፣
ሱቅ ትከፍታለች በኮራሉ መንደር።
ትልልቁ ዓሣ ሁሉ፣ የሚውጥ፣ የሚበላ፣
ተራ ይጠብቃል አንዱ ከአንዱ ኋላ።
አፉን ይከፍትና ጸጥ ብሎ ይቆማል፤
ከጥርሱ መካከል ይለቀማል ቅማል።»

«ታዲያ አይውጣትም ወይ?» ስል ምላጭ አውጥቼ፣
«ይኸው እኔም» አለኝ፣ «አንገቴን ሰጥቼ።»

ሳቅን።

«አንዳንዴ ግን» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ቅማሉ አይጥማትም፣ ልቧ ሌላ ፈልጎ።
ከጤነኛው ገላ ቆንጠር ስታደርገው
መላ ሰውነቱን ድንገት ይነዝረው፤
ወረፋ የያዘው፣ ቆሞ የታዘበው፣
ሌላ ሱቅ ይሄዳል።»

ምላጬ ቆመ።

አባ መጫን አሰብኩ፣ ያን የሊሙ ነጋዴ፤
ሐሙስ ገበያ ውሎ፣ ደክሞት ያን ሰው አንዴ፣
ወንበሬ ላይ ተኛ፣ አገጩን ወደ ሰማይ፤
መቶ ብር ብቅ አለች ከደረት ኪሱ ላይ።
ቅማል አልነበረች፤ ሥጋው ናት፣ አውቃለሁ።
በሁለት ጣት ሳብኳት። ጣቶቼን አያለሁ።
አልነቃም መሰለኝ። ትከሻው ነዘረ፤
ዝንብ እንዳረፈበት የበሬ ቆዳ ነበረ።
ሲነሣ ከፈለኝ። ሙሉውን። መረቀኝ።
የሚቀጥለው ሐሙስ መንገዱን ጠበቅኩኝ።

ምላጭ ገዛሁባት፣ ሽቶና ሳሙና፤
ሱቄ ለአንድ ሰሞን አማረበት፣ ቀና።
ኋላ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከነዚፍ ቤት ወጥቶ
አየሁት፤ ሰላም አለኝ፣ ጢሙን ተላጭቶ።
ሌላ ቃል የለውም።

«ምነው ዝም አልክ?» አለኝ ነስረዲን ጠብቆ፣
ግማሽ ፊቱ አረፋ፣ ግማሹ ደርቆ።
«ያ የተነከሰው ይመለሳል እንዴ?»
«መጽሐፉ አይልም» አለ። «ምናልባት። አንዳንዴ።»

ዝናቡ አባርቷል። ከበሩ አግዳሚ ላይ
ሁለት ሰው ተቀምጧል፣
እጄን፣ እጄን የሚያይ።