አትንኩት

ሐምሌ ሲጋመስ፣ ከቁስቋም ቁልቁል፣
ጽድና ወይራው በጉም ሲጠቀለል፣
ባትሪና ማስታወሻ፣ ቴርሞሜትር ይዤ
ወረድኩ ወደ ምንጩ፣ በብርዱ ደንዝዤ።

የደኑ ዘበኛ ጆንያ ደርቦ
«ምን ጠፋብሽ?» አለኝ ቅንድቡን ሰብስቦ።
«እንቁራሪት» አልኩት።
ሳቀ። ሳቁ ቆየ።
«ለሷም ዩኒቨርሲቲው ደመወዝ ለየ?»

ሦስት ሌሊት ምንም።
ጎንደር ከላይ ሆና መብራቷ ሲጠፋ ሲበራ፣
እኛ ከታች፣ ከቀጤማው፣ ከአልቅቱ ጋራ።
በአራተኛው ግን፣
ውሃው ላይ ካዘመመው ዶቅማ
አንድ ድምፅ ተሰማ፤
ጥፍር ከጥፍሩ ጋር እንደሚያጋጭ ሰው፣
ጠቅ... ጠቅ... ከዚያ ዝም። ጨለማው ዋጠው።

ወንዱ ነው የሚጣራው።
አውራ ጣት አያክል፤ ጀርባው ወይራ መሳይ፣
ሆዱ ስልባቦት ነው፣ ከፈላ ወተት ላይ።
ከጉሮሮው በታች ከረጢቱ ሲሰፋ
ድምፅ ብቻ ይቀራል፣ ገላው እየጠፋ።
በጣቶቹ ጫፍ ላይ ክብ ክብ መዳፍ፣
ያለ ሙጫ ይዞት እርጥቡን ዛፍ።
ውሃ አይጠጣም በአፉ፤ በጭኑ ቆዳ ነው፤
በዚያው ይተነፍሳል፤ ለኛ ልብስ የሆነው
ለሱ አፍንጫው ነው።

እጄን ዘረጋሁ።
«አትንኪው!» አለኝ ሽማግሌው።
«እጅሽ ጨው ነው፣ ሳሙና ነው።
በቆዳው የሚተነፍስን መጨበጥ ማፈን ነው።»
እኔ ይህን የተማርኩት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፣ አንዴ ፈተና ወድቄ።
«ለአንተስ ማን ነገረህ?» አልኩት ተደንቄ።
«ስሜ» አለኝ። «አትንኩት ነው ስሜ።
እናቴ አምስት ቀብራ፣ እኔን ታቅፋ፣ ደጅ ደጁን እያየች፣
ለጎረቤቱም ለሞትም እንዲህ አለች።»

ቅጠሉን በዱላው ጫፍ ቀና አደረገው።
ሃያ ሰባት እንቁላል፣
እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ፣
እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር ነጥብ አዝሎ
ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ።
ዝናብ በጊዜው ከመጣ ይንጠባጠባሉ፤
በጭራ ይጀምራሉ፣ እግር ይጨምራሉ፣
ጭራቸውን ከውስጥ እየበሉ ያድጋሉ።
ዝናብ ከዘገየ
ተልባው ቅጠሉ ላይ ይደርቃል፤
ማን ያውቃል?

እስከ ንጋት ሰባት ድምፅ ቆጠርን።
ጋሽ አትንኩት ስምንት ነው አለ፤
ስምንተኛው፣ ይላል፣ አፍሮ ዝም አለ።

ቅጹ ላይ «ዝርያ» የሚል አለ፤ እንጃ አልኩ።
«ብዛት» የሚል አለ፤ ሰባት፣ ሰረዝኩና ስምንት አልኩ።
«ቦታ» የሚለው ጋ እስክሪብቶዬ ቆመ።
መንገድ ቀያሾቹ፣ ምንጩን በሲሚንቶ ሊያጥሩ ያሰቡ፣
በብልቃጥ ሊወስዱ ከሩቅ የሚመጡ፣ ሁሉም ቅጽ ያነቡ።
ሽማግሌው አየኝ። ምንም አልተናገረ።
ስሙን ብቻ ይዞ ከፊቴ ነበረ።

ባዶውን ተውኩት።

አንተም የምታነበው፣
መጀመሪያ ላይ ከቁስቋም ቁልቁል ብዬሃለሁ።
አይደለም።